ታንኩ ላይ የተቀመጠው ልጅ

ባለፈው ሳምንት የታሪክ መምህራችን አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ በፕሮጀክተር አሳዩን። አቧራማ ሜዳ ላይ የቆመ ታንክ፣ በላዩም የተደረደሩ ወታደሮች ነበሩ። ያያችሁትን ጻፉ አሉን። ከኋላዬ የተቀመጡት ወንዶች ወዲያው ስለ ታንኩ ዓይነት መከራከር ጀመሩ። እኔ ግን መጀመሪያ የፈለግኩት በታንኩ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ነው። በትክክል መነበቡን ሳይ ተረጋጋሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ ታሪኩ ረጅም ነው አልኳት።

ነገሩ የሆነው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከሚሴ ላይ ማሽላ የሚያሸትበት ወቅት ነበር። የገጠር ሴቶች እሸቱን በአህያ አምጥተው መንገድ ዳር ያራግፉታል፤ አመሻሽ ላይ በየደጁ ይጠበሳል። ትኩሱን በመዳፍ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ መቃም ነው። ወደ ደሴ የሚወጡት ሚኒባሶች እንኳ ለእሱ ሲሉ ይቆማሉ።

ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ይባላሉ። ትልልቅ ሴቶችን ስናከብር አዴ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ሰኢድ በደርግ ጊዜ ፍየል ሊሸጥ ሰንበቴ ገበያ እንደሄደ በአፈሳ ተይዞ ለውትድርና ተወሰደ። ከዓመታት በኋላ ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ ሰው፣ ልጁ ገና ማሠልጠኛ ሳለ በወባ እንደሞተ ነገራቸው። አዴ አላመኑትም። ቤተሰቡ ሰደቃ ይውጣለት፣ ያሲን ይቀራለት ባለ ቁጥር እምቢ ይላሉ። ፍየል ታርዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሸኾቹ ቁርዓን ቀርተው ዱዓ ካደረጉለት በኋላ ሰው ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም። እሳቸው ደግሞ ይጠብቁ ነበር። ወደ አዲስ አበባው መንገድ የሚያሳየውን የደጃቸውን በር ቀን ቀን ዘግተውት አያውቁም። በዚያ ዓመት ግን ከረጅም ሕመም ሲነሡ ልጃቸው ዘሃራ ለምና ለምና እሺ አስባለቻቸው። ለጁምዓ እንዲሆን ተቆረጠ፤ ፍየሉም ተገዝቶ ጓሮ ታሰረ።

ፎቶዎቹ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት የነበራቸው ሽማግሌ አርፈው፣ ልጃቸው ከሣጥን ያገኛቸውን አሮጌ ኔጋቲቮች ደሴ ወስዶ አሳተማቸው። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሰሜን የሚያልፉ ወታደሮች ከሚሴ ሲያርፉ ፎቶ ይነሡና ሳይወስዱት ይሄዱ ነበር። ልጁ ምናልባት ባለቤት ይገኝላቸው እንደሆነ ብሎ በየቤቱ አዞራቸው።

አዴ አንድ በአንድ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ አዩና አንዱ ላይ ቆሙ። ታንክ ነው፤ ሹፌሩ ከፊት አንገቱን አውጥቷል። ከላይ ከተቀመጡት ወታደሮች ጫፍ ላይ ያለው ቀጭን ልጅ አንገቱ ላይ ሽርጥ ጠምጥሟል። በግራ እጁ ኩባያ ይዞ ይጠጣል፤ ኩባያው ግማሽ ፊቱን ጋርዶታል።

"ሰኢድ ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ሽርጡን አየን፤ እኛ ዘንድ ወንዱ ሁሉ በቤትም በገበያም የሚያሸርጠው ነው። ከሽርጡም በላይ እጁ። ሰኢድ ግራኝ ነበር። በቀኙ መብላት እንዲለምድ፣ ልጅ ሳለ አዴ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ግራ እጁን በጨርቅ ያስሩት ነበር። እስከ ሄደበት ቀን ድረስ አልለመደላቸውም።

"ማሠልጠኛ ሞተ ያለን ሰውዬ ዋሽቷል" አሉ አዴ። "ይኸው ታንክ ላይ ተቀምጧል፤ ቤት እንዳይመጣ ከልክለውት ነው። ፍየሉን ፍቱት።"

ዘሃራ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን ላይ ጠበቀችኝ። ፎቶውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

"አንቺ ተማሪ ነሽ፣ እስቲ አጣሪልኝ" አለችኝ። "እሱ ከሆነ ነው በይኝ፣ ካልሆነም አይደለም በይኝ። እናቴ እንደገና መንገድ መንገድ ማየት ከጀመረች አትተርፍልኝም።"

ተማሪ ነሽ መባሉ ደስ አሰኝቶኛል። ከባዮሎጂ መምህራችን ማጉያ መነጽር ለምኜ ተዋስኩና በቀጥታ ጋሼ በሽር ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ በሽር የድሮ ታንከኛ ናቸው፤ አሁን ባጃጅ ይጠግናሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ፎቶውን ተቀበሉኝ። ሰዎቹን ግን አላዩም፤ ያዩት ታንኩን ነው።

"ቲ ሃምሳ አምስት ነው" አሉ። "ከፊተኛው ጎማ ቀጥሎ ያለውን ክፍተት አታዪም?"

ስለ ሽርጡ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። የጎጃሙም የወለጋውም ልጅ ከሚሴ ሲደርስ ሽርጥ ገዝቶ ይጠመጥም እንደነበር፣ የታንክ ሙቀት ያንን ካላስገዛ ምን እንደሚያስገዛ ነገሩኝ። ከዚያ ድንገት ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ይሄ ሹፌር ግን ምን ሆኖ ነው በቀኝ የተቀመጠው? ቦታው በግራ ነው።"

"እንግሊዝ አገር የተሠራ ይሆናላ፣ ጋሼ" አለ ባጃጅ ሥር የተኛው ሠራተኛቸው።

"አንተ ደግሞ ታንክ ታስተምረኛለህ? መፍቻውን አቀብለኝ።"

እሳቸውን ያስደነቃቸውን ነገር ለማየት መነጽሩን ታንኩ ላይ ሳንቀሳቅስ ነው ቁጥሩ ላይ የደረስኩት። ቶሎ አልገባኝም። ሦስት ቁጥር ሆዷ ወደ ተሳሳተ ጎን ዞሯል፤ ሰባት ቁጥርም እንደዚያው። ኔጋቲቩ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ነው የታተመው። ስለዚህ ሹፌሩ በቦታው ነው። ኩባያውም ያለው በልጁ ቀኝ እጅ ነው።

ለዘሃራ ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና፣ እኔ አልችልም፣ አንቺው ንገሪያት አለችኝ። አብረን ገባን። አዴ ገና የዐስርን ሰላት ሰግደው መስገጃው ላይ ነበሩ። የምለውን በመንገድ ስለማመደው መጥቼ፣ እዚያ ስደርስ የቀረኝ ትንሽ ነበር።

"አዴ፣ ፎቶው ተገልብጦ ነው የታተመው። ልጁ የሚጠጣው በቀኙ ነው።"

"እስቲ አሳዪኝ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ፎቶውን ከቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ያዝኩላቸው። መስታወቱ ውስጥ ቁጥሩ ተቃና፣ ኩባያውም ወደ ቀኝ እጅ ዞረ። አዴ ተነሥተው ቀረብ ብለው አዩ። ዋናው ምልክታቸው ያ ግራ እጅ ስለነበር፣ እሱ አይደለም ብለው ፎቶውን ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዘሃራ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"አየሽ፣ ዘሃራ" አሉ በመጨረሻ። "ለምዷል።"

ወደ መስታወቱ ይበልጥ ተጠጉ።

"ሳስረው ያለቅስ ነበር። በከንቱ አስለቀስኩት እያልኩ ነው የኖርኩት።" ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። "እንግዲህ ልሸኘው። በሉ ጁምዓ ይሁን። ያሲን ይቀራለት።"

አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ ያገኘሁት የዚያን ተቃራኒ ነው፣ እጁ ቀኝ ከሆነ እሱ ስለ መሆኑ ማስረጃ የለም ልል። ዘሃራ አየችኝ፤ ተውኩትና ፎቶውን ለአዴ ሰጠኋቸው።

ጁምዓ ፍየሉ ታረደ። ጋሼ በሽር ዘይት ያልነካው ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ሸኾቹ ያሲንን ቀርተው ዱዓ ሲያደርጉ፣ አዴ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ለልጃቸው አለቀሱ። እናቴ እሳቸው ለሰኢድ በሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየችው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ነገረችኝ። ገና ሳይመሽ በሩን ዘግተው ተኙ።

ለመምህራችን ባቀረብኩት ጽሑፍ ላይ "የወታደሮቹ ማንነት አይታወቅም" ብዬ ጻፍኩ። ቦታው፣ ጊዜውና ባለቤቱ ያልተረጋገጠ ፎቶ ማስረጃ እንደማይሆን አስተምረውናል፤ እውነት ነው ብዬም አምናለሁ። ያኛው ፎቶ ደግሞ በትክክል እንደገና ታትሞ አዴ ቤት ተሰቅሏል። በቀደመው እረፍት ቤታቸው ሳለሁ አንዲት እንግዳ ይሄ ማነው ብላ ጠየቀችኝ። አዴ ሰላት ላይ ስለነበሩ መልሱ የኔ ሆነ። ምናልባት ጎጃም ወይም ወለጋ ያለች የሌላ እናት ልጅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቢሆንስ፣ ከሚሴ ውስጥ ያለቀሰችለት እናት አግኝቷል።

"ሰኢድ ነው" አልኳት፣ "የአዴ ልጅ።"