የሽማግሌው ቁርስ

ዛሬ ከእናቴ ጋር ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ስንሄድ ከአንድ ቁርስ ቤት የቋሊማ ጥብስ ሸተተን። እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ውስጥ ተቀጥራ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ታስታምም ነበር። ሐኪም ጨውና ቅባት ከልክሏቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን አጥብቀው ሲለምኗት፣ እንዳገራቸው ቁርስ ቋሊማ፣ እንቁላልና ባቄላ በቲማቲም ሠራችላቸው። ልጃቸው እንዳትደርስብን እኔን መስኮት ላይ አቆመችኝ።

"ሐኪሙ ዕድሜዬን እንጂ ረሃቤን አያውቅም" አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እያጣጣሙ።

ልጃቸው መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ አየሁ።

"እማ፣ መጣች!"

እናቴ ሳህኑን ልትወስድ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን አጥብቀው ያዙት። ተወችላቸው። በሩ ተከፈተ።

በዚያው ቀን እናቴ ከሥራ ተባረረች። ሽማግሌውንም ዳግመኛ አላየናቸውም።

አሁን ክንዴን ጨበጥ አድርጋ፣ "ልጄ፣ ያ ቁርስ ጎድቷቸው ይሆን?" አለችኝ።