የዳማ ቀንድ የት ገባ?

ልጅ ሳለሁ፣ ላሞችን ሁሉ በቀንዳቸው የሚለዩ አያት ነበሩኝ። ዓይናቸው ሲደክም ከብቶቻቸውን ትተው፣ ተረቶቻቸውን ብቻ ይዘው ሀዋሳ እናቴ ቤት ገቡ። ማታ ማታ እናቴ እራት የሠራችበትን የከሰል ምድጃ በረንዳው ላይ ታወጣላቸዋለች፤ እሳቸው መዳፋቸውን በፍሙ እያሞቁ ሲያወጉ፣ እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ የሐይቁን ትንኝ እያባረርኩ እሰማለሁ። አብልጬ የምወደው የዓይነ ስውሩን ሰውዬ ተረት ነበር፤ በጭጋግ መሐል ሌቦች ላሙን ሊወስዱበት ሲሉ ቀንዷን ዳሰስ አድርጎ፣ «ይቺማ የኔዋ ናት!» ብሎ የሚያስጥለውን።

ያኔ እናቴ ወተቷን እየሸጠች የምታሳድገን አንዲት ላም ነበረችን። ይቺው ላም ወተት ልትገዛ የመጣች ጎረቤታችንን ክንዷን ወግታ ጉድ አድርጋናለች። ስለዚህ ጥጃዋ ዳማ ተወልዳ ግንባሯ ላይ ቀንድ ሲያጎጠጉጥ፣ እናቴ ቀንዱ ሳያድግ የከብት ሐኪም መጥቶ በጋለ ብረት እንዲተኩሰው ወሰነች።

«ቀንድ ከሌላት ስዳስሳት በምን ልወቃት?» አሉ አያቴ።

«አባባ፣ ግቢያችን ጠባብ ነው። ላሞቻችን ሰው መውጋት ካበዙ ማን ደጃችን ይመጣል?» አለቻቸው።

 የዚያን ማታ አያቴ ተረት አላወሩም፤ በማግስቱም እንደዚያው። ተረቱ ከቀንዱ ጋር ሊቀርብኝ ነው ብዬ ክፉኛ ፈራሁ።

ሌላም የሚበላኝ ጥያቄ ነበር። እናቴ በራችን ላይ ካለችው ጽጌረዳ አንዱን እምቡጥ ብቻ ትታ የጎን የጎኑን ትቀነጥሳለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «የነዚህ ጉልበት ለዚያችኛዋ እንዲሄድላት ነዋ» ብላኛለች፤ እውነትም የቀረችው አበባ የሲኒ ማስቀመጫ ታክል ነበር። ታዲያ የቀንዱ ጉልበት ወዴት ይሄዳል?

ሐኪሙ ሲመጣ ይህንኑ ጠየቅሁት። «ወደ ወተቱ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ፤ አላመንኩትም። ዳማን ማደንዘዣ ወጋትና ብረቱን በዚያው በተረታችን ምድጃ አጋለ። አያቴ ሳይጠሩ መጥተው የዳማን ዓይን በመዳፋቸው ሸፈኑላት። የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ግቢውን ሞላው፤ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ዳማን መመርመር ሥራዬ ሆነ። ጆሮዋ ረዘመ? ጅራቷስ ወፈረ? ምንም የለም። እሷ ግን ፍርሃት የሚባል ሳታውቅ አያቴን በየሄዱበት መከተል ጀመረች። አንድ ምሽት በረንዳው ድረስ መጥታ ከባድ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ጣለች። ቀንድ ያላትን ላም እንዲህ ማን ያስጠጋል? አያቴ ለስላሳ ግንባሯን ለረጅም ጊዜ ዳበሱና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ ነበር» አሉ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ተረቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሰውየው በጭጋጉ ውስጥ ቀንድ አልዳሰሰም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ላሟ ራሷ ከሌቦቹ መሐል ወጥታ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አስቀመጠች።

አያቴ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ፤ ዳማም የለችም። ዛሬ የጽጌረዳዬን እምቡጥ ስቀነጥስ ልጄ ጉልበቱ የት እንደሚሄድ ትጠይቀኛለች። እኔም ቀንድ ስለሌላት ላም እተርትላታለሁ።