ቃላቱን በዓይኔ ነበር የማውቃቸው

ፕላዝማ የምንለው ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እኔ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ትምህርት ቤታችን አቃቂ ነው፣ ከፋብሪካዎቹ አጥር ብዙም አይርቅም፤ እኔ ከሳሪስ በታክሲ እመላለስ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ድምፄ ኋላ ወንበር ይደርሳል። ሥዕልም ይሆንልኛል፤ የሰውን ጨጓራና አንጀት በባለቀለም ጠመኔ ስሥል ልጆቹ መጻፋቸውን ትተው ያዩኛል።

ፕላዝማው ሲመጣ ሥራዬ አነሰ። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ርዕሱን አስተዋውቃለሁ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ጥግ ላይ እቆማለሁ። የቴሌቪዥኗ መምህርት በእንግሊዝኛ እየተጣደፈች ታስተምራለች። እሷ ስትጨርስ የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ ተረክቤ "ጥያቄ አለ?" እላለሁ። ልጆቹ ግማሹን አይሰሟትም፤ ትፈጥናለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ሁሉንም አልሰማትም ነበር።

አንድ ቀን የምግብ መፈጨትን እየተማርን ነው። ምግብ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል አለ። እኔ በመግቢያዬ ላይ "ቻይም" አልኩና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ዓመቱን ሁሉ፣ በየዓመቱ፣ እንደዚያ እያልኩ ነው ያስተማርኩት። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። መምህርቷ ያንኑ ቃል በትልልቅ ፊደል አሳየችና "ካይም" አለች። ደግማም አለችው።

ከመሃል ረድፍ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። የምቆምበት ጥግ ለሁሉም ይታያል፤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የተከፈተውን መስኮት እንደገና ከፈትኩት። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዴ "ጥያቄ አለ?" ስል ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ቻይም ነው ካይም?"

"ሁለቱም ይባላል" አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ውሸት እንደሆነ አውቄው ነበር። እሱም አወቀብኝ።

እኔ ኮሌጅ ስማር አስተማሪያችን ከራሱ ማስታወሻ እያነበበ ያስገለብጠን ነበር። እሱም ቃላቱን ያገኘው ከመጽሐፍ ነው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ፊደላቸውን ሳልስት እጽፋቸዋለሁ፤ ግን የማውቃቸው በዓይኔ ነው። ጆሮዬ ሰምቷቸው አያውቅም።

በዚያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍታችን ጥግ ላይ ከውጭ በእርዳታ የመጣ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ነበር። ኢንተርኔት የለውም። ያመጡት ሰዎች ግን በነፃ የሚታደል ትልቅ ኢንሳይክሎፒዲያና ቃል ሲጽፉለት የሚናገር መዝገበ ቃላት ጭነውበት፣ ለእኛ ለአስተማሪዎቹ አንድ ከሰዓት አሳይተውን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ በዕድሜ ከፍ ያሉ ሴት፣ በየጠዋቱ አቧራውን ያራግፉለታል። እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ይከፍቱታል፤ እንግዳው ሲሄድ ይዘጋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ሠራተኛዋን "እማማ፣ ትንሽ የምፈልገው ነገር ነበር" አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ዳንቴሉን አነሡልኝ፤ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫም ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። ቤቱ ውስጥ የሚያጠኑ ልጆች ስላሉ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ። ቃሉን ጻፍኩ፣ ተጫንኩት። "ካይም" አለ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነብኝ፤ ከፍ አደረግኩት። አሁንም ሩቅ ነው። እስከ መጨረሻው አደረስኩት። ከዚያ ሐሞት፣ ጉሮሮ፣ ጣፊያ፣ እያልኩ እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ፣ እየሰማሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ተከተልኩት። ጥሩ ስሜት ተሰማኝ። አንዱን ቃል ደጋግሜ፣ ደጋግሜ ተጫንኩት፤ አልመጣልኝ ብሎ።

እማማ ትከሻዬን ነኩኝ። የማዳመጫውን አንድ ጆሮ ገለጥ አድርገው "ልጄ፣ ድምፁ እኮ ውጭ ነው" አሉኝ።

ገመዱ ከኋላ ተነቅሎ ኖሯል። ማሽኑ ሲናገር የቆየው በድምፅ ማጉያው፣ ለቤቱ ሁሉ ነው። እኔም እየተከተልኩ ስናገር የቆየሁት ጆሮዬን ደፍኜ ስለሆነ ጮክ ብዬ ነው። ዞር አልኩ። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ትተው ሁሉም እኔን ያያሉ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ተነሣሁ፣ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ እንዳለ ይዤው ልሄድ ስል ገመዱ የወንበሩ እግር ላይ ተጠምጥሞ ጎትቶ መለሰኝ። አውልቄ ጣልኩትና ቦርሳዬን ረስቼ ወጣሁ።

ከሰዓት ክፍል ነበረኝ። ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ራሴን አሞኛል አልኩና፣ ከአንዲት ጓደኛዬ የታክሲ ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት።

"ታዲያ ምን አለበት? ልጆች ናቸው" አለኝ።

"ልጆች ስለሆኑ እኮ ነው" አልኩት። አልገባውም። ትልቅ ሰው ፊት ብዋረድ ነገ ሌላ ትልቅ ሰው ይሸፍንልኛል። እነሱ ፊት ግን በየቀኑ መቆም አለብኝ።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱን በር ስገባ የሚያወራ ሁሉ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ሰልፉ ሳይበተን አንዲት ተማሪዬ ቦርሳዬን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ቦርሳውን ሰጠችኝና ቆም አለች።

"ቲቸር፣ ያ ማሽን ሌላም ቃል ይናገራል?"

ፊቷን አላየሁም። ያየሁት ከኋላዋ ቆመው የሚጠብቁትን ጓደኞቿን ነው። ልከዋት መጥታ እያላገጠችብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

"ከፊቴ ጥፊ!" አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች። እጇ ቦርሳውን እንደያዘ ሁሉ አየር ላይ ቀርቶ፣ ከዚያ ዘወር ብላ ሄደች።

ከቀናት በኋላ እማማን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ልሸሻቸው ስል እሳቸው ቀድመው "ምነው ቀረሽ?" አሉኝ።

"እንዴት ብዬ እመጣለሁ፣ እማማ? ልጆቹ መሳቂያ አደረጉኝ።"

"ማን ሳቀብሽ? ከዚያን ቀን ወዲህ እኮ እየመጡ ይለምኑኛል። 'ይናገራል እንዴ? እኛም እንስማው' ይላሉ። እስከዛሬ ያዩት ዳንቴሉን ነው እንጂ ማሽኑን መቼ አዩት?"

ያን ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ልጆቹ ዝም ያሉት በእኔ ምክንያት መስሎኝ ነበር። ዝም ያሉት እየሰሙ ነው። ለልጆቹ የመጣ ዕቃ ለልጆቹ ተነግሯቸው የማያውቅ መሆኑን እኔ ራሴ፣ እፊቱ ተቀምጬ፣ አንድም ጊዜ አላሰብኩትም።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ለንብረት ይሳሳሉ።

"ልጆች ከነኩት ሳምንት አይቆይም" አሉኝ። "እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን?"

"ልጆቹ ሲጠቀሙበት እናሳያለን።"

"ከተበላሸ አንቺን ነው የማውቀው" ብለው ፈቀዱ።

ክፍል ውስጥ ስነግራቸው ልጆቹ አጨበጨቡ። ያቺ ልጅ አላጨበጨበችም። ከክፍል ስትወጣ ጠርቼ "ያን ዕለት አጠፋሁ፤ የምታሾፊብኝ መስሎኝ ነው" አልኳት። "ምንም አይደል ቲቸር" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። ይቅርታ ጠይቄም ያልቀለለኝ የዚያን ቀን ነው።

በየምሳ ሰዓቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሞላ። ማዳመጫውን ተውነው፤ ለሁሉም እንዲሰማ በማጉያው እንከፍተዋለን። አንዱ ይጽፋል፣ ማሽኑ ይናገራል፣ እኛ በአንድነት እንከተላለን፤ እኔም ከእነሱ ጋር። መጀመሪያ አካባቢ ስሳሳት ጆሮዬ ድረስ እቀላ ነበር። ልጆቹ የጓደኞቻቸውን ስም እየጻፉ የማሽኑ ፈረንጅ ድምፅ ሲያጣምምባቸው መሬት ላይ እስኪወድቁ ይስቃሉ። ቤተ መጻሕፍት የሚለውን እንግሊዝኛ ሲያስነግሩት ደግሞ "ላይብረሪ" አለ፤ ግቢው ሁሉ "ላይበራሪ" እያለ እንደኖረ ታወቀ። ይህ አስተማሪዎች ማረፊያ ድረስ ደረሰ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሻዩን እያማሰለ "ገመናችንን ለልጆች አወጣሽው" አለኝ። የመጀመሪያው ገመና የእኔ መሆኑን ሁላቸውም ያውቃሉ።

ያቺ ልጅ ግን አትመጣም። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ሌሎቹ ሳይመጡ ቀርተው ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል በሩ ላይ አየኋት። "ግቢ" አልኳት። መጥታ ከጎኔ ቆመች።

"አንድ ቃል ነበር። እንዴት እንደሚጻፍ ግን አላውቅም።"

"እንዴት ነው የሚባለው?"

"ኤፒለፕሲ። ጤና ጣቢያ ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው ሲሉት ሰምቼ ነው። ለእናቴ ኪኒን ሰጧት እንጂ ምን እንደሆነ አልነገሯትም። ትንሹ ወንድሜን ነው የሚያመው።"

እሷ በጆሮዋ ብቻ ታውቀዋለች። ሁለት ሦስት ዓይነት አድርጌ ጻፍኩት፣ ማሽኑ ተናገረ፣ "እሱ ነው!" አለች። ኢንሳይክሎፒዲያውን ከፈትን። እንግሊዝኛው ከባድ ስለነበር ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳት። የሚጥል በሽታ ነው። ከአንጎል የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

"አይጋባም?" አለች።

"አይጋባም።"

"ከአፉ በሚወጣው አረፋም?"

"በአረፋውም አይጋባም።"

ይህን ስል እኔም እየተማርኩ ነበር። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ አይነካም ብዬ አምን ነበር። ልጅ ሆኜ የተነገረኝ ነው፤ ጠይቄው አላውቅም። ሳሪስ ታክሲ መያዣ አንድ ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ ሰዎች ክብሪት ለኩሰው ሊያሸቱት ሲሯሯጡ፣ እኔ ልብሴን ሰብስቤ ወደ ኋላ ካፈገፈጉት ጋር ቆሜ አይቻለሁ።

ልጅቷ የስክሪኑን ጽሑፍ በጣቷ ተከተለች።

"ሊጥለው ሲል ይታወቀዋል" አለች። "ባለፈው እሁድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ስሜን ጠራኝ። ጎረቤቶች አትንኪው፣ ይጋባብሻል ብለውኛል። በሩ ጋ ቆሜ አየሁት። የአልጋው ብረት ግንባሩን ፈነከተው።"

ባለፈው እሁድ። ቦርሳዬን ይዛልኝ መጥታ "ሌላም ቃል ይናገራል?" ያለችኝ ከዚያ እሁድ በፊት ነው። የፈለገችው ይህን ነበር። ያኔ ባላባርራት ኖሮ ወንድሟን ትይዘው ነበር፤ ይህን ልነግራት አሰብኩ፤ ግን ብነግራት የሚቀለው ለእኔ ነው፣ ለእሷ አንድ ተጨማሪ ሸክም ነው። ስለዚህ የቀረውን አነበብኩላት። በጎኑ ማስተኛት። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ። አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት። ኪኒኑን አለማቋረጥ። እሷ እየደገመች በቃሏ ያዘችው።

እናቷ ኪኒኑን ሰውነቱን አደከመው ብላ አቁማው ነበር። ልጅቷ እንዴት እንዳሳመነቻት አላውቅም፣ ግን እንደገና ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ መጠኑን አስተካክለው ሰጡት። ከዚያ በኋላ የሚጥለው አልፎ አልፎ ሆነ።

አንድ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ከሌሎቹ ቀድማ መጣች። እየሮጠች ስለመጣች ትንፋሿ አልረጋም።

"ትናንት ጣለው፣ ቲቸር። ያዝኩት። በጎኑ አስተኛሁት፣ ነጠላዬን ከራሱ ሥር አደረግኩለት። ሲነቃ 'ማን ነው የያዘኝ?' አለኝ። 'እኔ' አልኩት።"

ጎበዝ ልላት ፈልጌ ነበር። ጎበዝ የማለት መብት ያለኝ ስላልመሰለኝ ዓይኗን ሳላይ ከጎኔ ወንበር ሳብኩላት።