ከመንገድ የሚወርደው ባርሲሳ

ባለፈው ሳምንት ከጉቴ ወደ ነቀምቴ መኪናዬን እየነዳሁ ስመለስ አንዲት ወጣት ከፊቴ በብስክሌት ትሄድ ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሳለች፤ ከኋላዋ የክትባት ሳጥን አስራለች። የሞተሬን ድምፅ ስትሰማ ዞር አለችና ወዲያው ከአስፋልቱ ወርዳ ሣሩ ላይ ቆመች። ጎንበስ ብላም ሰላም አለችኝ። እኔም እጄን አንሥቼ አመስግኜ አለፍኩ። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ነው ፍሬን እንዳልነካሁ የታወቀኝ። ምክንያቱንም አላጣሁትም፤ እንደምትወርድልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለ መንገድ አደጋ ለዓመታት ዘግቤአለሁ። ይህን የሹፌር እርግጠኝነት ግን ያወቅሁት ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት፣ ቦይ ውስጥ ወድቄ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጉቴ ባርሲሳ፣ ማለትም መምህር፣ ነበርኩ፤ ነቀምቴ በእናቴ ወንድም በዲንሳ ቤት እኖር ነበር። የእናት ወንድም በእኛ ዘንድ ኤሱማ ይባላል፤ በስሙ ብቻ ጠርቼው አላውቅም። ማታ ማታ ነቀምቴ የኤክስቴንሽን ተማሪ ነበርኩ። ጋዜጠኛ የመሆን ሐሳብ የያዘኝም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ከጉቴ ተነሥቼ ለትምህርቱ በሰዓቱ የሚያደርሰኝ የኤሱማ ብስክሌት ብቻ ነበር። ሚኒባስ እስኪሞላ ከጠበቅሁ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈኛል።

ኤሱማ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የጭነት መኪና ነድቷል። አንድ ቀን የመኪና ጎን ገፍቶ ጥሎኝ ክንዴ ተልጦ ስገባ ብስክሌቱን ዕቃ ቤት ቆለፈበት። በሦስተኛው ቀን ሲከፍትልኝ ቃሉን አብሮ ሰጠኝ። አንድ ጊዜ ደግሜ ብወድቅ ብስክሌቱ አይወጣም፤ ጉቴ ቤት ተከራይቼ የማታውን ትምህርት እተዋለሁ። ለእኅቱ ሬሳ መላክ አይፈልግም።

“ጉርባ ኮ፣ ልጄ፣ ሹፌር አክብሮት ይወዳል” አለኝ። “ድምፁን ስትሰማ ቀድመህ ውረድ። ቆመህ ሰላም በል። ያኔ እነሱም ያከብሩሃል።”

እንዳለኝ አደረግሁ። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም። መሃሉ በጎማ ተጠቅጥቆ ጠንክሯል፤ ዳሩ ግን ጎማ የሚያንሸራትት ልቅ ጠጠር ነው። መኪና በመጣ ቁጥር ወደዚያ ጠጠር ወርጄ እቆማለሁ፣ “አከም ቡልተኒ” እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ደስ የሚሉ ነበሩ። የጉቴ ሚኒባሶች መብራት ብልጭ ያደርጉልኛል፤ አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ በመስኮት ማንጎ ወርውራልኝ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ጭማቂው በክርኔ እየወረደ በላሁት። ኤሱማ ትክክል ነው ብዬ ደመደምኩ።

ነገር መጻፍ ልማዴ ስለነበር ግን በደብተሬ ጀርባ ማን ፍጥነቱን እንደቀነሰ፣ ማን እንዳልቀነሰ ምልክት አደርግ ነበር። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ምልክቶቹን ሳይ ግራ ተጋባሁ። ሰላምታው ጨምሯል፤ ፍጥነት የሚቀንሰው ሹፌር ግን እያነሰ ሄዷል። በተለይ ገመቹ የሚባለው የሚኒባስ ሹፌር፣ ከሁሉ ይልቅ የሚወደኝ፣ ጥሩምባውን እየነፋና እየሳቀ እንደ ነፋስ ያልፈኝ ጀመር። ምልክቶቹ የሚሉትን ማመን አልፈለግሁም። ለጋዜጠኝነት ያሰበ ሰው ሊሠራው የማይገባ ስሕተት ነበር።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ነቀምቴ ቁልቁለቱን እወርድ ነበር። አፈሩና ባሕር ዛፉ ይሸታል። ከኋላዬ የገመቹን ጥሩምባ ሰማሁ። ልወርድ ዳሩን ሳይ ዳር የሚባል የለም፤ ጎርፍ በልቶታል። እጄን አወዛወዝኩለት። ሰላም ያልኩት መሰለው መሰለኝ፣ አልቀነሰም። መስታወቱ ትከሻዬን ነካኝ፣ ከነብስክሌቴ ቦይ ገባሁ።

ገመቹ ወዲያው አቁሞ ሮጦ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ደግሞ ተቀይሟል።

“ባርሲሳ፣ ሁልጊዜ ትወርዳለህ እኮ። ዛሬ ምን ነካህ?”

“ወዴት ልውረድ? እስቲ እየው።”

ጎርፉ የበላውን ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከሚኒባሱ መስኮት አንዲት ሴትዮ “ዛሬ ደግሞ ተኝቶ ነው ሰላም የሚለን” አለች፤ ሰው ሳቀ። ገመቹ አልሳቀም።

“አንተን ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ ለካ” አለ።

ብስክሌቱን ፖርቶመጋላ ላይ ጭኖ፣ ተሳፋሪዎቹን መናኸሪያ አውርዶ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ። ይኸው አንድ ጊዜ ደግሜ ወድቄአለሁ፤ ትምህርቴም ያበቃለት መስሎኛል። ኤሱማ እግራችንን ሳንታጠብ አላናገረንም። ባለቤቱ አንጮቴ በቅቤ አቀረበች፤ ለእኔ ጭቃ ጭቃ ይለኝ ነበር። ከበላን በኋላ ገመቹ ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ። ኤሱማ እኔን ሳይሆን እሱን ጠየቀው።

“ባይወርድልህ ኖሮ ታየው ነበር?”

“አየው ነበር።”

ኤሱማ ጉልበቱን አሻሸ። ከዚያ “እኔ ያስተማርኩት ለሹፌር የሚመቸውን ነው” አለና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፉ እኔ ዘንድ ሆነ።

ሰላምታውን አልተውኩም። ግን ጠንካራውን መንገድ ይዤ፣ ሳልወላውል፣ ዞር ብዬ ዓይናቸውን እያየሁ ሰላም እላለሁ፤ የምወርደው ቦታው ሲፈቅድ፣ እኔ ስመርጥ ነው። ገመቹ ለባልደረቦቹ ነግሯቸው ኖሮ የጉቴዎቹ ከሩቅ አንዴ አጭር ጥሩምባ ነፍተው ይጠብቁኝ ጀመር። ከሩቅ አገር የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ግን ትናንት ሰላም ብላቸውም ባልላቸውም ያው ነበሩ፤ ነገ አያገኙኝምና። በደብተሬ ያለው ይኸው ነው። ትሕትና ዋጋ አለው፣ በሚያውቅህ ሰው ዘንድ፣ እሱ እያየህ እስከሆነ ድረስ።

ትናንት ያችን ወጣት እዚያው መንገድ ላይ ደግሜ አገኘኋት። ዞር ብላ አየችኝና አንድ እግሯን ወደ ሣሩ አወረደች። እኔ ከሩቅ ቀንሼ ቆምኩ። እለፍ ብላ እጇን ዘረጋች፤ እኔም አስፋልቱን በእጄ አሳየኋት። ከኋላዬ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። ግራ ገብቷት ጥቂት ቆየችና ብስክሌቷን አስፋልቱ ላይ መልሳ መንዳት ጀመረች። መንገዱ ሰፋ እስኪል ድረስ በእሷ ፍጥነት ተከተልኳት።