ወደ ቀኝ ያጋደለው ድምፅ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ የኖረችበት ግን እሷ ናት። በልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ነው ያረጀችው። ሥራዋ ሌላው የለፋበትን ልብስ ተቀብሎ እንከን መፈለግ ነበር። የተንጋደደ ስፌት፣ የዘለለ ክር፣ ከጓደኛው ዝቅ ያለ ኪስ ካገኘች ቀይ ፕላስተር ቆርጣ እንከኑ ላይ ልጥፍ ታደርጋለች። ቀይ የተለጠፈበት ልብስ ይመለሳል፤ ምልጃ አይሠራም፣ ዕንባም አይሠራም። ሰፊዎቹ «እትዬ ፕላስተር» ይሏት ነበር፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ።

ጡረታ ስትወጣ ፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ሸለማት፣ እሷ ደግሞ በራሷ ፈቃድ ጥቅል ፕላስተሯን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ አበሳውን አየ። የሚንገዳገደው ወንበር ቀይ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ቀይ፣ እጀታው የላላው መጥበሻ ቀይ። ዕቃው ወይ እስኪጠገን ወይ እስኪጣል ድረስ ፕላስተሩ አይነሳም። ጠጋኙ ባሏ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ወፍጮ ቤት የሠራ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሥራ ፈት መሆን የማይችል ሰው ነው፤ ወፍጮውን ከተወ ቢቆይም ሰፈሩ አሁንም ባለወፍጮው ይለዋል። ቀይ ባየ ቁጥር ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ብድግ ይላል።

ጥርጣሬው የጀመረው በብርቱካን ነው። ጡረታ በወጣች ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ እንደልማዷ በመስኮቱ በኩል፣ በግራው ነች፤ እሱ ብርቱካን ይልጣል። ማመስገን የሚባል ነገር አይሆንላትም፣ አልፈጠረባትም። ያን ቀን ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንቱን ስመልስ ኖርኩ፤ አንተን ግን ዛሬም ቢያቀርቡልኝ አልመልስህም» አለችው። እሱ ልጣጩን ሳይበጥስ ልጦ ጨረሰ፣ ግማሹን አቀበላትና ይጣፍጣል አላት። ክው አለች። በዚህ ዕድሜዋ አንዴ አፏን ብትከፍት መልሱ ብርቱካን! እንዲህ የሚያደርግ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው ስትል ደመደመች።

ከዚያማ ዓይኗ ሥራ አገኘ። ባልየው ከተጋቡ ጀምሮ ይተኛበት የነበረውን የአልጋ ወገን ለቅቆ በሌላው በኩል ልተኛ አለ፤ ለምን ቢባል ወገቤን ነው አለ። ወገብና የአልጋ ወገን ምን አገናኘው? መንገድ ሲሄዱ ድንገት በኋላዋ ዞሮ በሌላ ጎኗ ይመጣል። ስልክ ሲደወልለት ግቢ ይወጣል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስትጠራው ነው፤ አንዳንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ እሷ በዚህ በኩል ቆማ እሱ በዚያ በኩል ይዞራል፣ የጠራችው ሌላ ሴት ይመስል።

ታናሽ እህቷ ፀጉር ቤት አላት፤ የሰፈሩ ትዳር ሁሉ የሚተረተረው እሷ ወንበር ላይ ነው። ነገሩን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች። ወንድ አልጋ ላይ ቦታ ከቀየረ ልቡም ቦታ ቀይሯል ብላ ፈረደች። ለዚህ ፍርድ ምስክር አልጠራችም፣ አያስፈልጋትምም። እትዬ ፕላስተር ያን ዕለት ወደ ቤቷ የተመለሰችው በረጅሙ መንገድ ዞራ ነው። ቂም አልነበረም፤ ፈርታ ነበር። በዚህ ዕድሜ ብቻውን መቅረት የሚያስፈራው ሰው እንዴት ይፈራል፣ እንደዚያ ፈራች።

ባልየው ሳሎኑን ለሙዚቃም ለፊልምም እንዲሆን አድርጌ ላሠራው ነው ያለው በዚህ መሀል ነው። ለማን ብላ ጠየቀችው። ለእኛ ነዋ፣ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን የለም ወይ አላት። ነገሩ አልጣማትም። ፊልም ሲከፈት ገና ስሙ ተነብቦ ሳያልቅ የሚያንኮራፋ ሰው፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ያችን አሮጌ ቴፑን እንኳ ነክቷት የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ ምን ታየውና ነው? አንዷ ሙዚቃ ወዳድ አስተማረችው ማለት ነው አለች በሆዷ።

ቴክኒሻኑ መጣ። ፂሙን እያከከ የሚያስብ፣ መሰላል ላይ ሆኖ የሚያንጎራጉር ጎልማሳ ነው። ማሚቶውን ይውጠዋል ብሎ ወፍራም መጋረጃ አሰቀለ፣ ምንጣፍ አስነጠፈ፣ ሽቦውን ከምንጣፉ ሥር ቀበረው። ለሙዚቃ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሁለት ስፒከሮች እንደሚበቁ፣ ለፊልም ግን የሰው ንግግር የሚወጣበት ሦስተኛ መሀል ላይ እንደሚያስፈልግ አስረዳት። እሷም እጇን አጣምራ አዳመጠች። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል፤ ይህንን አልካደችም። ግን እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ሁለቱ ያንሾካሹካሉ፣ ስትመለስ ቴክኒሻኑ መሰላሉን ያወዛውዛል፣ ባሏ ጣራውን ያያል። መሰላሉ ላይ ግን የላላ ነገር አልነበረም። አቀባባዩማ ይሄው ነው ብላ ቴክኒሻኑንም መዝገቧ ውስጥ አስገባችው።

ሥራው አለቀ በተባለበት ቀን ባልየው ሶፋው ላይ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። የያዘው የእሷን ቦታ ነው፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን! ከዛሬ ጀምሮ በዚህኛው በኩል ሁኚ ብሎ ቀኙን አሳያት። እሷ ግን ቆማ ቀረች። ቴክኒሻኑ ሙዚቃ ከፈተ። ደስ የሚል ድምፅ ነበር፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ፤ ግን ጠማማ ነው። ዘፋኙ ወደ ቀኝ፣ ከበሮው ወደ ቀኝ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ወደ ቀኝ። ስፌት ሲያጋድል የሚያይ ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ነበራት። ብታይ መሀል ይቆማል የተባለው ስፒከር ራሱ ከመሀል ወጥቶ ወደ ቀኝ ተገፍቷል። ከኪሷ ፕላስተሩን አወጣች። ቀኙ ላይ ለጠፈች፣ መሀል ተብዬው ላይም ለጠፈች። ባልየው ግን ቀይ አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተነሳም።

ይሄ አይን ያወጣ ማጭበርበር ነው፣ ተነቅሎ ይወሰድ አለች። ቴክኒሻኑ ባልየውን አየት አደረገና ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ አለ። ይሄ ደግሞ ባሰ! ሳይከራከር ጥፋቱን የሚቀበል ሰፊ ሌላ ትልቅ ጥፋት ደብቋል ማለት ነው፤ ይህንን ከፋብሪካ ታውቀዋለች። ቴክኒሻኑ መሀለኛውን ወደ መሀል መለሰ፣ ማሽኑን ነካካ፣ ድምፁ እኩል ሆነ። የባሏ ፊት ወዲያው ጠቆረ። አንገቱን ሰገግ አድርጎ አንድ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ መሰለ።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ሄዳ በግራው በኩል፣ ከመስኮቱ ጋር ቆመችና ቴክኒሻኑ መኖሩንም ረስታ ጠየቀችው።

«ሌላ ሴት አለችህ?»

ባልየው ስፒከሩን እያየ ዝም አለ። ቴክኒሻኑ ሰምቷል፤ የሚገባበት ጠፍቶት ምንጣፉን ያያል። ዝም ካለ ሴትዮዋ አለች ማለት ነው ብላ ደመደመች። ያኔ ቴክኒሻኑ ሙዚቃውን ዘጋና ጋሼ፣ እየጠየቁዎት ነው አለው። ባልየው ብድግ ብሎ ዞረ፤ የዞረው ግን ማንም ወደሌለበት ወደ በሩ ነው። ሰው ሲያጣ ወደ እሷ ተመለሰ፣ ፊቷን አየ፣ ቴክኒሻኑን አየ። የሆነ ነገር እንዳመለጠው ገባው። ቀስ ብሎ ሄደና ቀኙ ስፒከር ላይ የተለጠፈውን ቀይ ፕላስተር ላጠው። ከዚያ ግራ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

ቴክኒሻኑ ሽቦ ረስቻለሁ ብሎ ግቢ ወጣ፤ እጁ ላይ ያለውን ሽቦ እንደያዘ።

ባልየው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። የወፍጮው ሞተር ዕድሜውን በሙሉ በግራው በኩል ነበር። ጆሮው ዕለት ዕለት ሲደክም ቆይቶ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጭራሽ ዘግቷል፤ ሐኪሙም ይመለሳል አላለም። ሰው ሲጠራው ከየት እንደሆነ መለየት አይችልም። በስልክ ደግሞ ጮክ በሉልኝ ሲል እንዳትሰማው ግቢ ይወጣል። ሙዚቃ ግማሹ ይጠፋበታል፣ ፊልም ደግሞ ንግግሩ አይያዝለትም፣ ስለዚህ ይተኛል። ቴክኒሻኑን የለመነው አንድ ነገር ነው፤ ድምፁን ሁሉ ወደ ደህናው ጆሮ አምጣልኝ፣ ለሚስቴ ግን አትንገር።

ለምን አልነገርከኝም አለችው።

ጆሮው ላይ ያለውን ፕላስተር በጣቱ ነካ አደረገ። «እንከን ያለበት ነገር አንቺ ቤት እንደማይኖር አውቃለሁ» አላት።

ያቺ ብርቱካን ትዝ ያለቻት ያኔ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ በግራው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ያን ሁሉ ወር ልቡ ሌላ ቦታ ነው ስትል ከርማለች፤ ለካ ቃሏን የነገረችው ለዚያ ለሞተው ጆሮ ነበር። አፈረች፣ አዘነችለት፣ ደግሞ ደስ አላት፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ አታውቅምና አለቀሰች። ከዚያ ፕላስተሩን ከጆሮው ላይ ነጨችው፣ ከጥቂት ፀጉር ጋር፤ ሰውዬው ጮኸ። ቴክኒሻኑንም ከግቢ ጠርታ ሁሉንም እንደነበረ ወደ ቀኝ መልሰው አለችው።

ቴክኒሻኑ ጨርሶ ከሄደ በኋላ በቀኙ በኩል ተቀመጠች። ድምፁ አሁንም ጠማማ ነው፣ ይቆረቁራታል፤ ግን ፕላስተሩ ከኪሷ አልወጣም። ሙዚቃውን ቀነሰችና አፏን ጆሮው ሥር አድርጋ ያን ቃል ደገመችው፣ አንተን ግን ዛሬም ቢያቀርቡልኝ አልመልስህም አለችው።

ባለወፍጮው ጆሮውን ጠጋ አደረገላት። «አልሰማሁሽም፣ እስቲ ድገሚው» አላት።

ደገመችው። እንደገና ድገሚው አላት፣ እንደገና ደገመችው። ይህ ሰው ገና በመጀመሪያው ነው የሰማው ብላ እስከ ዛሬ ትጠረጥራለች።