መርፌው የሚያሳየው ፍጥነት

የያዙኝ ካዛንቺስ፣ ሰፈራችን ሊፈርስ ነው በተባለበት ስብሰባ ላይ "ወዴት እንሂድ?" ስላልኩ ነው። ሌላ ወንጀል የለኝም። ቂርቆስ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ከተቱኝ። መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ያልበዋል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ ፓይለት ናቸው፤ ጠባቂው ሳይቀር "ካፒቴን" ይላቸዋል።

አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸው ይነሳና ባዶ አየር ላይ መሪ ይይዛል። ያበዱ መስሎኝ ራቅ ብዬ ተኛሁ። ኋላ ግን ጠየቅኳቸው።

"እዚያ ላይ ምን ያህል እንደሚሮጡ በምን ያውቃሉ? መንገድ የለ፣ ዛፍ የለ።"

"ከፊት የምትወጣ ቀጭን ቱቦ አለች። ነፋሱ ምን ያህል እንደሚገፋት ነው የምንለካው። ላይ አየሩ ይሳሳል። አንተ እየከነፍክ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ቀስ ያልክ ያስመስላል። እሱን አስልተን እናርማለን።"

"ቱቦዋ ብትደፈንስ?"

ሳቁ። ሳቃቸውን አልወደድኩትም። "በረዶ ከደፈናትማ፣ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ፍጥነትህ ጨመረ ይልሃል። አምነኸው የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና ታደርጋለህ። ልትወድቅ ስትል እንኳ መርፌው ፈጠንክ እያለህ ነው።"

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ለስላሳ አስከፍቶልኛል። ያወራነውን ቃል በቃል ነገረኝ፣ ሳቁን ጭምር። ስናወራ ግን ምድር ቤቱ ውስጥ ከካፒቴንና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

"ጋሼ፣ 'ካፒቴኑ ቱቦ ደፍነን አውሮፕላን እንጣል ብሎኛል' ይበሉ፣ በቃ። ካሜራው ፊት። ዛሬውኑ ቤትዎ ነዎት።"

"ባልልስ?"

"እስከ መቼ እንደሚቆዩ እኔም አላውቅማ።"

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ማስተማርንና ማሴርን ግን እለያለሁ።

የካሜራው ቀይ መብራት በራ። "ላይ አየሩ ይሳሳል" አልኩ። "ስለዚህ መርፌው እንዳለ አይታመንም፤ ይታረማል። ያስተማሩኝ ይህንን ነው።"

"ይድገሙት። እንደተባባልነው።"

ደገምኩት፤ ያንኑ። መብራቱ ጠፋ።

ስመለስ ካፒቴን የሉም። ብርድ ልብሳቸውን ዳሰስኩት፤ ገና ይሞቃል። ጠባቂውን ብጠይቀው "የቱ ካፒቴን?" አለኝ። ጠዋት በዚያው ስም ሲጠራቸው ሰምቼዋለሁ።

እኔን ከወራት በኋላ ያለ አንዳች ቃል ለቀቁኝ። ቤቴ ፈርሶ ጠበቀኝ። ሰው "ደፋር ነህ" ይለኛል። ይተወኝ። እሳቸው ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም፤ የተናገርኩት ያድናቸው ይጉዳቸው እሱንም አላውቅም። አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ ድንገት ቢያገኙኝ ግን ፊቴን አላዞርም። ያላሉትን "አሉ" አላልኩም።