ጉልበት የማይጎዳ የቴኒስ ሜዳ ፍለጋ፦ ከአዳማ እስከ አርሲ ነገሌ

አዳማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቴኒስ የምንጫወት አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ጡረታ ወጥተናል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የቴኒስ ሜዳ በመጠበቅ ነው፤ ሳጠጣ፣ ስደለድል፣ በኖራ ሳሰምር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ደህናውን ሜዳ ከመጥፎው አይቼ እለያለሁ። ለጥምቀት አንድ ላይ ወጥተን፣ ሁለት ቀን እየተጫወትን የምናርፍበት ቦታ ይፈለግ ሲባል ታዲያ፣ ፋርማሲ ያላት ወይዘሮ አልማዝ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ ተክሌ፣ እርስዎ ሄደው ይዩልን። የሁላችንም ጉልበት አልቋል። ጥሩ ነው ያሉን ቦታ እንሄዳለን።»

እሺ አልኩ። ልቤ ግን ቀድሞኝ ባቱ ገብቷል። እዚያ የሐይቁ ከተማ ውስጥ ገመቹ አለ። በወጣትነታችን አንድ ሜዳ አብረን ስንጠብቅ የኖርን ሰው ነው፤ አሁን በአንድ ማረፊያ ቤት ግቢ ውስጥ ያለ የቀይ አፈር ሜዳ ይጠብቃል። በስልክ እንደነገረኝ፣ የማረፊያ ቤቱ ባለቤት እስከ ጥምቀት የሚጫወት እንግዳ ካልመጣ ሜዳውን የመኪና ማቆሚያ አደርገዋለሁ ብላለች። የገመቹ ደሞዝም፣ የሚያድርባት ክፍልም በዚያ ሜዳ ነው። ሌላ ቤት የለውም።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከአዳማ መናኸሪያ በሚኒባስ ወጣሁ። ሁለት ራኬት፣ አራት ኳስና አንድ ደብተር ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የሽንኩርት ነጋዴ ራኬቱን አየት አድርጋ፣

«አባቴ፣ ይሄ የዝንብ መምቻ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ የእኛ ሰፈር ዝንብ ግን ከሎሚ ይተልቃል» ብዬ ኳሱን አሳየኋት። ሞጆ እስክንደርስ ሳቀች።

ሞጆ ላይ ኮንቴይነር የጫኑት ተሳቢዎች ወደ ደረቅ ወደቡ ለመግባት ተሰልፈው ትንሽ አቆሙን። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ቆቃን ካለፍን በኋላ በመንገዱ ዳር ሽንኩርት በቀይ ከረጢት፣ ሐብሐብ በክምር ነው። መቂ ላይ ቁርስ በላን፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባቱ ወረድኩ። ባጃጅ ወገቤን ስለሚያንገጫግጨኝ በጋሪ ነው የሄድኩት። እናንተም ዕቃ ካላችሁ ጋሪ ይሻላል፤ ቀስ ይላል እንጂ ያደርሳል።

ባቱ፣ የገመቹ ሜዳ

ገመቹ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አካም ጂርታ፣ ያ ጃርሳ!» አለኝ፤ ሽማግሌው እንዴት ነህ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነኝ። አንተስ መቼ ወጣት ሆነህ ጠበቅከኝ?»

እየሳቀ እጄን ይዞ ወደ ሜዳው ወሰደኝ። ቀዩ ሜዳ የለም። ከዳር እስከ ዳር ነጣ ያለ አሸዋ ለብሶ ያብረቀርቃል። አንድ ኳስ አወጣሁ። የእኛ የሜዳ ጠባቂዎች ፈተና ቀላል ነው፤ ኳሱን ከትከሻ ላይ ትለቀዋለህ፣ ከጉልበት በላይ ከነጠረ ሜዳው ደህና ነው። ለቀቅኩት። ጎጆው ውስጥ እንዳለ እንቁላል ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ገመቹ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሐይቅ አሸዋ ነዋ! ሦስት ጋሪ አስመጣሁ።»

«ለቴኒስ ሜዳ?»

«ተክሌ ከአዳማ እየመጣ ሜዳው ተሰነጣጥቆ ይቀበለው? እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ይጎዘጎዝ የለ? እኔም ጎዘጎዝኩ።»

አሸዋው ለዓይን እንጂ ለጨዋታ እንደማይሆን ከእኔ እኩል ያውቃል። አፍሮ ነው ያደረገው። ሜዳው ላይ የሚነሰነሰው ቀይ ጠጠር ካለቀ ቆይቷል፤ የቤቱ ባለቤትም አልገዛችለትም።

ምሳ ላይ የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጫልቱ የተጠበሰ ቆሮሶ ራሷ ይዛልን መጣች። ዓሣው ከሐይቁ የወጣው በዚያው ጠዋት ነው። የሜዳው የአንድ ሰዓት ኪራይ ከአንድ ሳህን ዓሣ ዋጋ አይበልጥም፤ ይህንንም ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

«አባባ፣ ክፉ ሆኜ እንዳይመስልዎ» አለችኝ። «ሜዳው በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ የሚጫወትበት ሰው ግን አላየሁም። ሰርገኛ ደግሞ መኪና ማቆሚያ እያጣ ይመለስብኛል።»

እውነቷን ነው።

ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ደብተሩን ከፈትኩ። «የባቱ ሜዳ ጥሩ ነው» ብዬ ብጽፍ ገመቹ ቤቱን አያጣም። ግን ወይዘሮ አልማዝ አምና ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። አሸዋው ላይ አንዴ ብትንሸራተት ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ገመቹን ጠርቼ ነገርኩት።

«ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ገመቹ። እንዲህ እንዳለ ጥሩ ነው ብዬ አልጽፍም።»

«እንዳሻህ ጻፍ። ማን ይዞሃል?»

«ሐሙስ በዚሁ እመለሳለሁ። መጥረጊያ አለህ፣ ውሃ አለህ፣ መደልደያው በርሜልም አለ።»

«እኔን ሜዳ ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እራትም አብሮኝ አልበላም።

ረቡዕ፣ ላንጋኖና አርሲ ነገሌ

ገመቹ ገና አልተነሣም ብለውኝ ሳልሰናበተው ተነሣሁ። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት ማረፊያዎች በአንዱ የሲሚንቶ ሜዳ አየሁ። የገመቹ ነገር ስላልወጣልኝ ነው መሰለኝ እንከን ፍለጋ ዞርኩት። መረቡ አዲስ ነው፣ መስመሩ አልደበዘዘም፣ ውሃው ሻይ በወተት መስሎ ከፊት ይታያል። ወጣቶች ብንሆን ከዚህ አልፈን ባልሄድን። ግን ሲሚንቶ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከተጫወቱበት በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውጣት አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ኳስ ይወስዳል፤ ጠዋት መጫወት ነው።

አርሲ ነገሌ የገባሁት የእህል ገበያው ሲሟሟቅ ነው። የስንዴው አቧራ አስነጠሰኝ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቴኒስ ሜዳ አለ ብለው መሩኝ። የስፖርት አስተማሪው ደስ የሚል ሰው ነው፤ ራኬቴን ሲያይ ጫማውን ሊቀይር ሮጠ።

«አባባ፣ መረቡ ከፍ አለ ብለው እንዳያማርሩ፤ የቮሊቦል ነው!»

ገመዱን ዝቅ አድርገን ግማሽ ሰዓት ተጫወትን። አሸነፈኝ፤ በጣም ሳቅን። ለአንድ ጠዋት የሚሆን ቦታ ነው። እንደ እኛ ያለ አሥራ ሁለት ሽማግሌ ለማሳረፍ ግን ጥላም መቀመጫም የለውም። እዚያው ከተማ አደርኩ።

ሐሙስ፣ ዳግም ባቱ

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። አሸዋው አጥሩ ሥር ተቆልሏል። ሜዳው ቀልቶ፣ ረጥቦ፣ ስንጥቁ በወንፊት በተነፋ አፈር ተደፍኖ ተኝቷል። ገመቹ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሏል፤ ሲሚንቶ የተሞላውን በርሜል ብቻውን ሲጎትት ነው የከረመው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም።

«ኳስህን አውጣ» አለኝ።

ለቀቅኩት። ከጉልበቴ በላይ ነጠረ። አራቱንም ጥግ ሞከርኩ፤ የግራው የኋላ ጥግ ብቻ አሁንም ላላ ይላል። ከዚያ ተጫወትን፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ቀስ እያልን። አንድ ኳስ መስመር ላይ አሳረፍኩ።

«ውጭ!» አለ።

«ዓይንህ ደክሟል፣ ውስጥ ነው።»

«የእኔ ሜዳ ነው፣ ውጭ ነው!»

ያን ጊዜ ነው የሳቀው። የጻፍኩትን አነበብኩለት።

«የግራውንም ጥግ ጻፍከው?»

«ጻፍኩት። አሸዋውንም።»

«ጨካኝ» አለኝ፤ ግን እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ።

አዳማ

ዓርብ ጠዋት ከጨዋታ በኋላ ደብተሩን ለሰዎቼ ሳነብ አንድ ነገር አልዘለልኩም። ባንክ ይሠራ የነበረው ጋሽ ታደሰ አቋረጠኝ።

«ላንጋኖ አዲስ መረብ እያለ ባቱ የምትለን ሰውዬው ጓደኛህ ስለሆነ አይደለም?»

«ጓደኛዬ ነው። ላደላለት ብዬ ቢሆን ሜዳውን አሸዋ እንዳለበሰው እነግርህ ነበር?»

ወይዘሮ አልማዝ ጉልበቷን እያሻሸች አሰበች። «የላላ ጥጉን ያወቅነው ሜዳ ይሻላል» አለች። ሌሎቹም ተስማሙ፤ ጋሽ ታደሰ ግን ለራሱ ብቻ ላንጋኖ አንድ ቀን እጨምራለሁ ብሏል፤ ይጨምር።

ለወዳጅ ማድላት ጉድለቱን መሸፈን ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጬ «ጥሩ ነው» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሸፍኜለት ቢሆን ኖሮ ሰዎቼ አንዴ ሄደው፣ ወድቀው፣ ሁለተኛ አይመለሱም ነበር፤ ሜዳውም ያን ጊዜ ነበር የሚያልቅለት።

ወዲያው ገመቹ ጋ ደወልኩ።

«አሥራ ሁለት ሰው ነው። ሁለት ሌሊት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል፣ ከሩቅ ድምፁ ተሰማኝ፤ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ግቢውን እያቋረጠ ነበር።

«ጫልቱ! ጫልቱ! ለመኪናው ሌላ ቦታ ፈልጊ!»